ገለባው ወንዙን ያጥራልን

የሚዛን፣ የአማን፣ የሸኮ፣ የጉራፈርዳ፣ የቴፒ፣ የማሻ ወገኖቼ! የቡና ለቀማው ሳይጀመር ስሙኝ። ከተጀመረ በኋላማ ማን ማንን ይሰማል? ሁሉም ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ወደ ቡናው ይገባል፤ ማታም ወሬው የኪሎ ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ የምላችሁ አለኝ።

ጥቅምትና ኅዳር ለእኛ የደስታ ወራት ናቸው። ገንዘብ እጅ ይገባል፣ የልጆች ደብተርና ጫማ ይገዛል፣ የተበደረ ዕዳውን ይከፍላል። እነዚያው ሁለት ወራት ግን ጅረቶቻችን የሚታመሙባቸው ናቸው። ልጅ ሳለሁ ውኃ የምንቀዳው ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚወርድ አንድ ትንሽ ጅረት ነበር። ከበላዩ የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ነበረ። በለቀማ ሰሞን ውኃው ይጠቁራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ የኮመጠጠ ሽታው ሳንደርስበት ይቀበለናል። ከብቶቹ አፋቸውን ነክረው ይመለሱ ነበር። እኛ ግን አንመለስም፤ ሌላ ምንጭ እስክንደርስ ጀንበር ትጠልቅብናለች። እናቴ ውኃውን በእንስራ አሳድራ፣ ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ከላዩ ቀድታ የቡና ቅጠል መጠጣችንን፣ ጨሞን፣ ታፈላበት ነበር። የጨሞው ቅመም ሽታውን ይሸፍነዋል። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ጅረቱን ያበላሸው ቡና ነው፣ መበላሸቱን የሸፈነልንም ያው የቡና ቅጠል ነው።

ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ስንቱ ቤት በለቀማ ሰሞን የልጆቹን ቁርጠትና የቆዳ እከክ በዝምታ አሳልፏል!

አሁን የአንድ ዓመት ታሪክ ልንገራችሁ። ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ወቅት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2008። በዚያ ዓመት ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ሊንዴንን፣ ክሎርዴንንና ሄፕታክሎርን የመሰሉ ፀረ ተባይ መርዞች ከተፈቀደው በላይ አገኘች። ጃፓን ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረችና ገበያው ተናጋ፣ ላኪውም ገበሬውም ደነገጠ። ነገሩ ሲመረመር ግን ጣት የተቀሰረው በቡናው ዛፍ ላይ አልነበረም፤ በጆንያው ላይ ነበር። ጆንያ ምንድን ነው? ጁት የሚባል ተክል ቃጫ ነው። ቃጫው መርዙን ከአንድ ቦታ አንሥቶ፣ በሆዱ ይዞ፣ ባሕር አሻግሮ ቶኪዮ አደረሰው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ስለጠፋው ገበያ አለቀስን። ቃጫ መርዝን እንዲህ አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ ከውኃችን ውስጥ እንዲይዝልን ለምን አንልከውም ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

በዚያው በ2008 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ አደገኛ ቁሶች በሚታተም አንድ ዓለም አቀፍ የምርምር መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። በጅማ አካባቢ ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው ፍሳሽ ወንዞቹን ምን እንዳደረጋቸውና ውኃውን የሚጠጡት ሰዎች በቆዳ ማሳከክ፣ በሆድ ሕመም፣ በማቅለሽለሽና በመተንፈስ ችግር እንደሚቸገሩ አስረዱ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት ላይ፣ የብራዚል ሚናስ ዠራይስ ተመራማሪዎች ሌላ ጽሑፍ አሳተሙ። የቡና ገለባ፣ ምንም ሳይታከም እንኳ፣ መዳብን፣ ካድሚየምን፣ ዚንክንና ክሮሚየምን ከውኃ ውስጥ መሳብ እንደሚችል ያሳዩበት ነው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ መጽሔት፣ በአንድ በኩል የቡናው በሽታ፣ በሌላ በኩል የቡናው መድኃኒት ተጽፎ ነበር። እኛ የቡናው ባለቤቶች ሁለቱንም አላነበብንም። ማንም በቋንቋችን አምጥቶ አላነበበልንም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ለቀማ አለፈ? ስንት ልጅ ከዚያ ጅረት ጠጣ?

እስኪ ወደ መቀሸሪያው ጓሮ እንሂድ። የሚዛንና የቴፒ ቡና ብዙው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ጀንፈሉ ሲቀሸር ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል። አንድ ኩንታል ንጹሕ ቡና በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አንድ ኩንታል ያህል ገለባ ከኋላው ይቀራል ማለት ነው። በእሸት ማጠቢያውም ቢሆን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ ቡና ገብቶ የሚወጣው ንጹሕ ቡና 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀረው ልጣጭ፣ የሚያሟልጭ ሙጫና ውኃ ነው። ይህ ሁሉ የት ነው የሚሄደው? ገለባው ተከምሮ ይበሰብሳል፣ ወይም ይቃጠልና ጭሱ ሰፈሩን ያፍናል። ልጣጩ ዝናብ ሲመታው ወደ ጅረቱ ይወርዳል። በዚህ ላይ የእንሰቱን ቃጫ ጨምሩበት፤ እናቶቻችን ቆጮ ሲፍቁ የሚተርፈው፣ ገመድ ሆኖ ገበያ የሚወጣው፣ ያልተሸጠውም ጥግ ላይ የሚጣለው። የሙዙን ግንድም ጨምሩበት። ሙዛችን በየመኪናው አገር ያዳርሳል፤ ፍሬው የተቆረጠለት ግንድ ግን በቃጫ የተሞላ ሆኖ ሳለ ማሳው ውስጥ ወድቆ ይበሰብሳል። አባቶቻችን እሾህን በእሾህ ይላሉ። እኛ እሾሁን አውጥተን ጥለን ሌላ እሾህ ከገበያ ለመግዛት ብር የምንፈልግ ሆነናል።

ገለባ እንዴት መርዝ ይይዛል? ይህን በደንብ እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ ያልገባውን ነገር በሙሉ ልብ የሚሠራ ሰው የለምና።

ቃጫን ቃጫ የሚያደርገው ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ በላዩ እልፍ ትንንሽ እጆች አሉት፤ ኬሚስቶች ሃይድሮክሲል ይሏቸዋል። እነዚህ እጆች ውኃን ይወዳሉ፤ እርሳስ ወይም ካድሚየም በአጠገባቸው ሲያልፍ ግን ጥቂት ቢይዙም አጥብቀው ለማስቀረት አቅም ያንሳቸዋል። በዚያ ላይ ጥሬ ገለባ የራሱን ቀለም ይለቅቃል። ዛሬ ማታ አንድ እፍኝ ገለባ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት ሻይ መስሎ ታገኙታላችሁ። ሊያጠራ የገባው ራሱ አደፈረሰ። ስለዚህ ገለባው መጀመሪያ መታከም አለበት።

ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ የተነፋው ገለባ በቀጠነ ኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዘፋል። ሶዳው ቀለሙንና ሙጫውን ያስለቅቃል፤ የቃጫውን ጥብቅ ጉንጉን ያላላና የተደበቁትን እጆች ይገልጣል። ሶዳው በውኃ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ገለባው በሲትሪክ አሲድ ይርሳል። ሲትሪክ አሲድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሎሚን ሎሚ ያሰኘው ጎምዛዛ ነገር ነው። ከዚያ ደርቆ በምድጃ ውስጥ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቆያል። የሲትሪክ አሲድ ቅንጣት ሦስት ጎምዛዛ ጫፎች አሏት። ሙቀቱ ውኃን ሲያስለቅቃት በአንዱ ጫፏ ከቃጫው እጅ ጋር ትጋባለች፤ የቀሩት ሁለቱ ክፍት ሆነው ወደ ውጭ ይቀራሉ። በጭጎጎት ውስጥ ያለፈ ሰው ልብሱ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እርሳስ፣ ካድሚየምና መዳብ በውኃ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ይዘው ነው የሚዞሩት፤ አሉታዊ ሙል ያላቸውን እነዚያን ጫፎች ሲነኩ እንደ ጭጎጎት ይጣበቃሉ። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የግብርና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአኩሪ አተር ቅርፊትን በዚሁ መንገድ አክመው ብረት የመያዝ አቅሙን ከፍ አድርገውታል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የሙዝ ልጣጭንና የቡና ገለባን ወደ ተዘጋጀ ከሰል ለውጦ፣ የስምጥ ሸለቆን ሕዝብ ጥርስና አጥንት የሚያበላሸውን ፍሎራይድ ከውኃ ለመቀነስ ሞክሯል። መንገዱ አለ። ተሄዶበታል።

ሁሉም መርዝ ግን አንድ ጠባይ የለውም፤ እዚህ ላይ አትታለሉ። ክሮሜት፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ አሉታዊ ሙል ያላቸው ስለሆኑ የሎሚው አሲድ አይይዛቸውም፤ ናይትሮጅን ያዘለ አዎንታዊ ጫፍ የተተከለበት ወይም በብረትና በአሉሚኒየም የተለበጠ ቃጫ ይሻሉ። ሜርኩሪ ደግሞ ሰልፈርን ይወዳል፤ እሱን ለመያዝ ሰልፈር የተተከለበት ቃጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ማጣሪያ ሠራሁ» ከማለት በፊት «በውኃዬ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ እንዳይኖር ይመክራል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይለየውም። ማፍላትም አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ መርዙ በቀረው ውስጥ ይጠነክራል። መለካት ያለብን ለዚህ ነው።

«እኛ ጫካ ውስጥ ያለን ሰዎች ነን፤ ፋብሪካ የለብን፣ መርዝ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። የአቃቂንና የሞጆን ወንዝ ዳር ሰዎች ጠይቋቸው። የቆዳ ፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ እነዚያን ወንዞች ከመግደሉ በፊት እነሱም ይዋኙባቸውና ይጠጧቸው ነበር። እኛ ዘንድ የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የካፋ ደን ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ በዩኔስኮ የሕይወታዊ ሥፍራነት መዝገብ ገብተዋል፤ በዚህ እንኮራለን። የአረም ማጥፊያ ጄሪካን ግን በየማሳው ዳር ወድቆ አላያችሁም? ረጭተው የጨረሱ ወጣቶች መርጫውን ጅረት ውስጥ ሲያለቀልቁትስ? የሞቱ የባትሪ ድንጋዮች፣ የጋራዥ ዘይት፣ የተሽከርካሪ ማጠቢያ ሁሉ ቁልቁለቱን ተከትሎ የሚወርደው ወዴት ነው? በዲማና በሱርማ በኩል ወርቅ የሚያጥቡ ወንድሞቻችንም አሉ። ወርቅ ለመያዝ ሜርኩሪ በተነካበት ቦታ ሁሉ መዘዙ ረጅም ነው። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በተባለ የባሕር ዳር ከተማ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪ ዓሣውን፣ ከዓሣው ሰውን፣ ከእናቱ ማሕፀን ሳይወጣ ሕፃኑን መርዞታል። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ በስሙ የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው በ2013። በመካከሉ 57 ዓመት አለ። እኛ 57 ዓመት የምንጠብቅበት ምክንያት የለንም።

ውኃችን ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ጊሎ ከሚዛን በላይ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ በፑኝዶ በኩል ጋምቤላን ያቋርጣል፤ ባሮም ከሸካ ደን ምንጮች ይጠጣል። በዳርቻቸው የሚያርሰው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ልጁን የሚያጥበው አኙዋና ኑዌር ወንድማችን ነው። ከዚያም ሶባት ሆነው ነጭ ዓባይን ይቀላቀላሉ። እኛ የምንጩ ሰዎች ነን። ከላይ ያለ ሰው ካደፈረሰ የታችኛው ምን ይጠጣል?

እንግዲህ ወደ ሥራው። ጥሪዬን ለእያንዳንዳችሁ በስማችሁ አቀርባለሁ።

የእሸት ቡና ማጠቢያ ባለቤቶች፣ የመጀመሪያው ሥራ የእናንተ ነው፤ ከሌላው ሁሉ በላይ የምለምነውም እናንተን ነው። የቡና ማጠቢያ ውኃ ገዳይነቱ ከብረት አይደለም፤ በውስጡ ያለው ስኳርና ሙጫ ሲበሰብስ የወንዙን ኦክስጅን ጠጥቶ ይጨርሰዋል፣ ዓሣውና ጥቃቅኑ ነፍሳት ይታፈናሉ። ይህን ቃጫ ብቻውን አይችለውም። ልጣጩን ከውኃው በወንፊት ለዩና ኮምፖስት አድርጉት፤ ለቡናው እግር ከዚህ የተሻለ ማዳበሪያ አታገኙም። ውኃውን ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት። ጉድጓድ ቆፍራችሁ አሳድሩት፤ ኮምጣጣነቱን በኖራ አብርዱት፤ ከጉድጓዱ በታች ቬቲቨር ሣር ትከሉ። በጅማ በኩል ያሉ የቡና ማኅበራት ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያና የቬቲቨር ማጣሪያ ሠርተው አሳይተዋል፤ ሄዳችሁ እዩ። የታከመው ቃጫ ቦታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መጨረሻ ላይ፣ ከሌላው ያለፈውን ሊይዝ።

የመቀሸሪያ ባለቤቶች፣ ገለባችሁን አታቃጥሉት። በጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከአፈርና ከናፍጣ ጠብቃችሁ አስቀምጡት። የሻገተና ዘይት የነካው ገለባ ለማጣሪያ አይሆንም። ዛሬ ቆሻሻ የምትሉት ነገር ነገ በኪሎ ሊጠየቅ ይችላል። ጌሻ ቡናን አስታውሱ። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከእኛ ደን ተለቅሞ ወጣ፤ ኬንያና ታንዛኒያ ደረሰ፣ ከዚያ ኮስታ ሪካ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ስሙ የእኛ፣ ገበያው የሌላ ሆነ። ገለባችንንም ሌላ አገር አክሞ በካርቶን አሽጎ እስኪሸጥልን እንጠብቅ?

የቤንች ማጂና የካፋ የጫካ ቡና ዩኒየኖች፣ አባሎቻችሁ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ናቸው። ከለቀማው ገቢ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለውኃ ቁረጡ። በየማኅበሩ አንድ ሰው የውኃ ኃላፊ አድርጉ። የእንሰት ቃጫ ከእናቶች የምትወስዱ ከሆነ በነጻ አትውሰዱት፤ ክፈሏቸው። ቆጮ ስትፍቅ ወገቧ የጎበጠ ሴት ለወንዙ ጤና ሁለተኛ ያለ ክፍያ ልትሠራ አይገባም።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች! ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም ሲቋቋም አካባቢው በዘፈን በጭፈራ ነው የተቀበለው፤ ልጆቻችን ደጃችን ላይ ሊማሩ ነው ብለን። አሁን ተራው የእናንተ ነው። የቴፒ ግቢ የኬሚስትሪ ክፍል በገለባ፣ በቃጫና በሙዝ ልጣጭ ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶችን ለጓሮው ጅረት ይሥራቸው። ንጹሕ ውኃ ውስጥ እርሳስ ጨምሮ ገለባ «99 በመቶ ያዘ» ማለት ቀላል ነው። የወንዝ ውኃ ግን ጭቃ አለው፣ ታኒን አለው፣ ካልሲየም አለው፤ እነዚህ ሁሉ ከመርዙ ጋር በቃጫው ላይ ቦታ ይሻማሉ። በጋጨብ ወንዝ ውኃ ሞክሩት፤ ከማጠቢያዎች በላይና በታች፣ ከለቀማ በፊት፣ በለቀማ ጊዜ፣ ከለቀማ በኋላ። 1 ኪሎ ገለባ ስንት ሊትር ውኃ አጥርቶ እንደሚሞላ ንገሩን። ከሞላ በኋላ የያዘውን መልሶ መልቀቅ የሚጀምርበትን ሰዓት ንገሩን። ያገኛችሁትን በአማርኛ፣ በቤንችኛ፣ በሸክኛ፣ በካፍኛና በሸኮኛ አውጡት፤ ካልሠራም አልሠራም በሉ፤ እውነቱን እንቀበላለን። በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጥናት ከጅረቱ ውኃ ለምትቀዳ ልጅ ምንም አይደለም።

የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ቤተ ሙከራ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ሁለት የተቆረጡ ኃይላንድ ጠርሙሶች፣ አሸዋ፣ ገለባና ጥቂት የልብስ ቀለም ግን አይጠፋም። ቀለሙን በጥብጣችሁ በገለባው አሳልፉት፣ ልጆቹ የሚሆነውን በዓይናቸው ይዩ፣ ለምን እንደሆነ ይከራከሩ። አደራችሁን ግን ኮስቲክ ሶዳ ለልጅ አትስጡ። ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል። ያ ሥራ ጓንትና መነጽር ያደረገ አዋቂ፣ በቤተ ሙከራ፣ ውኃ በአጠገቡ አድርጎ የሚሠራው ነው።

ሽማግሌዎቻችን፣ አባቶቼ፣ ለእናንተ ያለኝ ልመና ከሁሉ ይከብዳል። ይህን ደን ዛሬ ያደረሳችሁት እናንተ ናችሁ። የተቀደሰውን ደን፣ ጉዶውን፣ የጠበቃችሁት፣ የደን አደራ ሥርዓታችንን፣ ኮቦውን፣ ያወረሳችሁት፣ እያንዳንዱ የደን ክፍል ስሙ የሚታወቅ ባለአደራ እንዲኖረው ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ያለባለቤት የቀረው ጅረቱ ነው። ለጅረቱም ኮቦ ስጡት! ይህ ምንጭ የእገሌ ቤተሰብ አደራ ነው፣ ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ዋርካ የሚወርደው ውኃ የእገሊት ልጆች አደራ ነው ብላችሁ በሸንጎ ስሙን ጥሩ። ያደፈረሰውን ስሙን ጠርቶ የሚጠይቅ ሰው ይኑር። መንግሥት መቶ ተቆጣጣሪ ቢቀጥር ከእናንተ አንድ ቃል አይበልጥም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ በር ከፍቷል። ማንም ሰው፣ «ይህ በቀጥታ ጎድቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን ስለሚበክል ድርጊት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን የአዋጁን አንቀጽ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። የክልላችን መሪዎችም፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም የራሱን ክልል ሲያቋቁም ወንዞቹን ጭምር ነው የተረከባችሁት፤ አቤቱታ ይዞ የሚመጣውን ገበሬ እንደ ነገረኛ አትዩት።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ጥሪዬ ወንጀል ይሆንብኛል። ታከመም አልታከመም፣ ገለባ ጀርም አይገድልም። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጣውን አያስቀርም፤ የመጠጥ ውኃችሁን ማፍላትና ማከም አትተዉ። ዩኒቨርሲቲው ለክቶ ሳያረጋግጥ በቤት የተሠራ የገለባ ማጣሪያ ውኃ ማንም አይጠጣ። መርዝ የያዘ ገለባ ደግሞ ራሱ መርዝ ነው። ማሳ ላይ አይበተንም፣ ከኮምፖስት አይቀላቀልም፣ ለከብት አይሰጥም። ምድጃም አይገባም፤ ሜርኩሪ ከነካው ጭሱ ቤተሰብ ይጨርሳል። በቀጠነ አሲድ ታጥቦ እንደገና መሥራት ይችላል፤ የታጠበበት ውኃና ያለቀለት ገለባ ግን ተለይቶ፣ ተከድኖ፣ ስሙ ተጽፎበት የሚቀመጥበት ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዘጋጀት አለበት። መርዝን ከወንዝ አውጥተን ማሳ ላይ ከደፋነው ምኑን ሠራነው?

ይህን ሁሉ ለመጀመር ሚሊዮን ብር አይጠበቅም፤ ዕርዳታ ሰጪ ድርጅት እስኪመጣም አንቀመጥም። ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ በቴፒ ግቢ በር ላይ እንገናኝ። አንድ ጆንያ ንጹሕ ገለባ አምጡ፤ የእንሰት ቃጫ ያለው አንድ እቅፍ ይጨምር፤ ሙዝ ያለው የደረቀ የግንድ ቃጫ ይያዝ። ጆንያው የአረም መድኃኒትና የማዳበሪያ ሽታ ያልነካው ይሁን፤ ከጃፓን የተማርነው ይህን ነው። ከየጅረታችሁም አንድ አንድ ሊትር ውኃ ቅዱ። ጠርሙሱን በዚያው በጅረቱ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ እስከ አፉ ሙሉትና ክደኑት፤ የጅረቱን ስም፣ የቀዳችሁበትን ቀንና ሰዓት በላዩ ጻፉ። ለቀማው ሲጋጋል ከዚያው ቦታ እንደገና እንቀዳለን፣ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስለካለን፤ ውጤቱንም በየቀበሌው በአደባባይ እናነባለን።

እኔ የልጅነቴን ጅረት ውኃ ይዤ እመጣለሁ። ከእናቴ ጓሮ የወጣ አንድ እቅፍ ቃጫም በትከሻዬ ይኖራል።